የቼዝ ፕሮግራም ጥልቀት በምን ይሰፈራል?



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከቼዝ ጨዋታ የወጣ ሆኖ፣ ስለ ጨዋታው ሥርዐት ወይም ስለ ተጫዋቾቹ ዝና ሳይሆን፣ ጨዋታውን የሚመረምሩት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች «ይህን ያህል ወደ ፊት ተመልክቻለሁ» ሲሉ የሚያሳዩን ቁጥር በምን መስፈሪያ እንደሚሰፈርና ሰው ምን ያህል ሊያምነው እንደሚገባ የሚያስረዳ ነው። ቼዝ የሚወድ ተማሪ የጀመረውን ጨዋታ በስልኩ አቅርቦ ፕሮግራሙን ምክር በጠየቀ ጊዜ፣ መልሱ ከሚመከረው እርምጃ ጎን «ጥልቀት 22» ወይም «22/31» የሚል ምልክት ተጽፎበት ይመጣለታል፤ ተማሪውም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ምክሩ የማይነቀፍ እየመሰለው፣ «ይህ ፕሮግራም እስከ ሃያ ሁለት እርምጃ ድረስ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር አይቷል» ብሎ በልቡ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ ልክ አለመሆኑን፣ ቁጥሩም ለሁሉ እኩል የሆነ መለኪያ ሳይሆን እያንዳንዱ ሠሪ እንደ ፈቃዱ የወሰነው ስፍር መሆኑን፣ ደግሞም የገዛ አገራችን የቼዝ ዐይነት የሆነው ሰንጠረዥ በዚህ ስፍር ላይ ብርቱ ጥያቄ የሚያነሣ መሆኑን ላስረዳችሁ አስቤያለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የስፍሩን መነሻ እንወቅ። ቼዝ ሁለት ባላጋሮች በየተራቸው የሚጫወቱት ጨዋታ በመሆኑ፣ የቼዝ መጻሕፍት የነጩን እርምጃና የጥቁሩን መልስ አንድ ላይ አድርገው እንደ አንድ ዙር ይቈጥሯቸዋል። የፕሮግራም ሠሪዎች ግን የነጩን ለብቻ፣ የጥቁሩንም ለብቻ ይቈጥራሉ፤ እያንዳንዱንም «ፕላይ» ይሉታል። ይህን አጠራር በሙያው ያስለመደው፣ ዳማ የሚጫወት ፕሮግራም ሠርቶ በ1959 ታላቅ ጥናት ያሳተመው አሜሪካዊው አርተር ሳሙኤል ነው። እኔ በዚህ ንግግር «ተራ» እያልሁ እጠራዋለሁ። እንግዲያውስ ጥልቀት 22 ማለት ሃያ ሁለት ተራ፣ ይኸውም የነጭ ዐሥራ አንድና የጥቁር ዐሥራ አንድ እርምጃ ማለት እንጂ ሃያ ሁለት ዙር ማለት አይደለም፤ ይህን አንዱን ነገር ብቻ ያልለየ ሰው ገና ከመነሻው የፕሮግራሙን እይታ በእጥፍ አግንኖ ይገምታል።

ተራ በተራ ላይ በተጨመረ ቁጥር ሥራው እንዴት እንደሚበዛ ደግሞ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። በዛሬው ቼዝ መነሻ አቋም ላይ ነጩ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው እርምጃዎች 20 ናቸው፤ ስምንቱ ወታደሮች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ቤት ስለሚሄዱ 16፣ ሁለቱ ፈረሶችም እያንዳንዳቸው በሁለት አቅጣጫ ስለሚወጡ 4 ይሆናሉ። ጥቁሩም እንዲሁ 20 መልስ ስላለው ከሁለት ተራ በኋላ 400 መንገድ ይገኛል። በሦስተኛው ተራ 8,902፣ በአራተኛው 197,281፣ በአምስተኛው 4,865,609፣ በስድስተኛው 119,060,324 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ስድስት ተራ ማለት እያንዳንዱ ተጫዋች ገና ሦስት ጊዜ ብቻ እጁን ያነሣበት ማለት ነው፤ ጨዋታውም ገና አልሞቀም።

ይህን የቁጥር ጎርፍ አስቀድሞ በጽሑፍ የመረመረው አሜሪካዊው ሊቅ ክሎድ ሻነን ነበር። በመጋቢት ወር 1949 በኒውዮርክ በጉባኤ ፊት አንብቦ በ1950 ባሳተመው ጥናቱ፣ በአንድ አቋም ላይ በአማካይ 30 ያህል የተፈቀዱ እርምጃዎች እንደሚገኙ ወስዶ፣ የአርባ ዙር ጨዋታ መንገዶች ብዛት 1 ተጽፎ 120 ዜሮ እንደሚከተለው ያለ ቁጥር መሆኑን አሳየ። ከዚያም ለማሽኑ ሁለት ዐይነት የአመራመር ሥርዐት እንዳለው ተናገረ፤ አንደኛው እስከ ተወሰነ ተራ ድረስ ሁሉን እርምጃ ያለ አድልዎ መመርመር፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚረቡትን ብቻ መርጦ እነርሱን አርቆ መከተል ነው። ዛሬ «ጥልቀት» የሚለው ቁጥር የሚያሳስተን፣ አጠራሩ ከመጀመሪያው ሥርዐት የተወረሰ ሲሆን ሥራው ግን በአብዛኛው የሁለተኛው በመሆኑ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይፈልቃል።

ሁሉን እርምጃ ሳይመረምሩ ሁሉን እንደ መረመሩ የሚያስቈጥር አንድ ሐቀኛ ጥበብ ግን አለ፤ ስሙም አልፋ ቤታ ይባላል። ምሥጢሩ ይህ ነው፤ አንድ እርምጃ ባደርግ ባላጋራዬ ንግሥቴን በነጻ የሚወስድበት አንድ መልስ ካገኘሁ፣ እርምጃው መጥፎ መሆኑ በዚያው ስለ ተረጋገጠ፣ የቀሩትን ሃያ ዘጠኝ መልሶች እየዘረዘርሁ መጥፎነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ማጥናት አያስፈልገኝም። ዶናልድ ክኑትና ሮናልድ ሙር በ1975 ባሳተሙት ትንታኔ እንደሚታየው፣ እርምጃዎቹ ከመልካሙ ወደ ክፉው በቅደም ተከተል ቢቀርቡ፣ በየአቋሙ 30 ምርጫ ባለበት አራት ተራ ለማየት 810,000 የመጨረሻ አቋሞችን መመዘን ቀርቶ 1,799 ብቻ ይበቃል፤ የሚገኘውም ፍርድ ሁሉም ቢመዘኑ ኖሮ ከሚገኘው አንዲት ነገር እንኳ አይለይም። እንግዲህ በዚህ ጥበብ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም «አራት ተራ አየሁ» ቢል ቃሉ እውነት ነው።

ቅደም ተከተሉን አስቀድሞ ለማወቅ ሲባል ደግሞ ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ ወደ ሃያ ተራ አይዘልቅም፤ መጀመሪያ አንድ ተራ ይመረምራል፣ ከዚያ እንደገና ከጥንቱ ተነሥቶ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት እያለ ይሄዳል፤ በ1970ዎቹ ዴቪድ ስሌትና ላሪ አትኪን በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፕሮግራም ይህን ልማድ አጽንቶታል። በስልካችሁ ላይ ቁጥሩ 10፣ 11፣ 12 እያለ ሲወጣ የምታዩት ይኸው የድግግሞሹ ቁጥር ነው። በመጀመሪያ ዕይታ የጊዜ ብክነት የሚመስለው ይህ አሠራር፣ ያለፈው ድግግሞሽ ያገኘውን መልካም እርምጃ ለሚከተለው ፊት አውራሪ ስለሚያደርግለት፣ በፍጻሜው ጊዜን የሚያተርፍ ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ችግር እንመጣለን። በአንድ ቁጥር ላይ የሚቆም ምርመራ ሁሉ ከዚያ ወዲያ ዕውር ነው። በዋግ ኽምራ በደሃና ደጋ ላይ ሆኖ ወደ ተከዜ የሚመለከት መንገደኛ ፊት ለፊቱ ያለውን ሸንተረር አይቶ ከወዲያ ማዶ ያለውን ገደል እንደማያይ ሁሉ፣ ፕሮግራሙም በመጨረሻው ተራ ላይ ንግሥቱ ወታደር ስትወስድ ካየ፣ በሚቀጥለው ተራ ንግሥቲቱ ራስዋ እንደምትወሰድ ሳያውቅ «አንድ ወታደር አተረፍሁ» ብሎ ደስ ይለዋል። ከዚህም የከፋው፣ ሊያመልጠው የማይችለውን ጥፋት በከንቱ ኬሽና በከንቱ መሥዋዕት እያራቀ ከሚያይበት ወሰን ውጭ በገፋው ጊዜ፣ ጥፋቱ የተሰረዘ ይመስለዋል፤ ሃንስ በርሊነር የተባለው የቼዝ ሊቅና የኮምፒዩተር ተመራማሪ በ1970ዎቹ ይህን በሽታ የአድማስ ችግር ብሎ ሰይሞታል።

የመድኀኒቱን መንገድ ግን እንግሊዛዊው አላን ቱሪንግ ቀድሞ ጠቁሞት ነበር። ቱሪንግ የሠራውን ፕሮግራም የሚሸከም ኮምፒዩተር በዘመኑ ስላልነበረው፣ በ1952 ራሱ በወረቀት እያሰላ የማሽኑን ቦታ ይዞ ከአሊክ ግሌኒ ጋር ተጫውቶ ተሸነፈ፤ ሥርዐቱ ግን መወሳሰድ ያለበትን መስመር መናጠቁ እስኪበርድና አቋሙ እስኪረጋ ድረስ መከተልን የሚያዝ ነበር። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞችም የታዘዘላቸው ተራ ባለቀ ጊዜ ወዲያው አይመዝኑም፤ የሚወሰድ ነገር እስኪያልቅ መወሳሰዱን ብቻ እየተከተሉ ይቀጥላሉ፣ አቋሙ ጸጥ ሲል ይመዝናሉ። ስለዚህም ነው «22/31» የሚል ሁለት ቁጥር የሚጻፈው፤ ፊተኛው የታዘዘው የድግግሞሽ ቁጥር ሲሆን፣ ኋለኛው ፕሮግራሙ ከመስመሮች ሁሉ በረዘመው መስመር ላይ የደረሰበት ተራ ነው። ፕሮግራሞች ከመስኮታቸው ጋር የሚነጋገሩበትን ዩሲአይ የተባለ ሥርዐት ሩዶልፍ ሁበርና ሽቴፋን ማየር ካህለን በ2000 ሲያወጡ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻ እንዲነገሩ አድርገው ደነገጉ። አንድ መስመር እስከ 31 መድረሱ ግን ሌሎቹ አእላፍ መስመሮች ሠላሳ አንድ ደርሰዋል ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ፊተኛው ቁጥርስ? 22 የተባለው ቢያንስ ለሁሉም መስመር እውነት ነውን? አይደለም። ከላይ የጠቀስሁት አልፋ ቤታ ሐቀኛ መግረዝ ነው ብያለሁ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን በግምት የሚገርዙ ናቸው። ክሪሊ ዶኒንገር የተባለው ኦስትሪያዊ በ1993 ባሳተመው ጽሑፍ የተስፋፋ አንድ ዘዴ አለ፤ ፕሮግራሙ «ተራዬን በከንቱ ብለቅና ባላጋራዬ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ቢሄድ እንኳ የምበልጥ ከሆነ፣ ይህን አቋም አብዝቼ መመርመር አያሻኝም» ይላል፤ ይህንንም ለማረጋገጥ ሁለት ሦስት ተራ ቀንሶ አጠር ባለ ምርመራ ያልፈዋል። ሌላው ዘዴ ደግሞ በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ የቀረቡትን እርምጃዎች ተስፋ የሌላቸው ናቸው ብሎ ጥልቀታቸውን መቀነስ ነው። በተቃራኒው ንጉሡ ኬሽ በተባለ ጊዜ፣ ወይም ከሁሉ የሚበልጥ አንድ እርምጃ ብቻ በታየ ጊዜ፣ ያ መስመር ተጨማሪ ተራ ይሰጠዋል። የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው የዲፕ ብሉ ማሽን አባት የሆነው ዲፕ ቶት በ1980ዎቹ መጨረሻ የታወቀው በዚህ በኋለኛው ጥበብ ነበር። እንግዲህ ጥልቀት 22 በተባለው አንድ ምርመራ ውስጥ ዐሥር ተራ ላይ የተቈረጠ መስመርም፣ ሠላሳ ተራ የዘለቀ መስመርም አለ፤ የትኛው ምን እንደ ደረሰ ቁጥሩ አይነግረንም። ስሙ ጥልቀት ይባል እንጂ በእውነቱ የበጀት መጠን ነው፤ ፕሮግራሙ በየመስመሩ የሚያወጣበት ስሌትም እንደ ሠሪው ውሳኔ ይለያያል።

በጀቱ የሠሪው ፈቃድ ከሆነ ደግሞ የአንዱን ፕሮግራም ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። ለዚህ ከሁሉ ይልቅ ጥሩ ምስክር የሚሆነን፣ አሚር ባንና ሻይ ቡሺንስኪ የተባሉ እስራኤላውያን የሠሩትና በ2003 መጀመሪያ በኒውዮርክ ከካስፓሮቭ ጋር ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ 3 ለ3 የተለያየው ጁኒየር የተባለው ፕሮግራም ነው። ጁኒየር ለተራ እርምጃ ሁለት፣ ልዩ ትኩረት ለሚገባው እርምጃ ግን አንድ ብቻ ይቈጥር ነበርና፣ 18 ብሎ ሲያሳይ በተራ መስመሮች ላይ ያየው ዘጠኝ ያህል ብቻ ነበር። ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ የወጣው የቫሲክ ራይሊክ ሪብካ ደግሞ ከባላጋሮቹ ሁሉ ያነሰ ጥልቀት እያሳየ ባላጋሮቹን ሁሉ ይመታ ስለ ነበር ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ በኋላ ፕሮግራሙን ፈትተው የመረመሩት ሰዎች የሚታየው ቁጥር ሆን ተብሎ የተቀነሰ ነው ሲሉ መስክረዋል። አንዱ አብዝቶ፣ ሌላው አሳንሶ ሲያሳይ፣ በዚህ መካከል ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ምን ይሁን?

በታሪክ ከሁሉ የገነነው ማሽን እንኳ ከዚህ ክርክር አላመለጠም። አይቢኤም የሠራው ዲፕ ብሉ በግንቦት 1997 በኒውዮርክ ጋሪ ካስፓሮቭን 3½ ለ2½ ሲያሸንፍ በሴኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን አቋም መመርመር ይችል ነበር። በኋላ የጨዋታዎቹ መዝገብ ለሕዝብ ሲገለጥ፣ ጥልቀቱ «12(6)» በሚመስል አጻጻፍ ተመዝግቦ ተገኘ። በቅንፍ ውስጥ ያለው 6 ከ12ቱ የተከፈለ ነው ወይስ በ12ቱ ላይ የሚደመር ነው በማለት የሙያው ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተከራከሩ። በዓለም ፊት፣ በብርሃን ላይ የተጫወተ ማሽን ዐሥራ ሁለት ተራ አየ ወይስ ዐሥራ ስምንት የሚለው ይህን ያህል ካከራከረ፣ በስልካችን ላይ ለሚታየው ቁጥር ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባን ከዚህ ይታወቃል።

ከ2017 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ሌላ መልክ ይዟል። በዚያ ዓመት መጨረሻ የተሰማው አልፋዜሮና የእርሱን ፈለግ ይዞ በ2018 የተጀመረው ሊላ ቼስ ዜሮ፣ እንደ ቀደሙት ተራ በተራ እየጨመሩ ሁሉን አይመረምሩም፤ በትልቅ የነርቭ መረብ ግምት እየተመሩ፣ ተስፋ ያለውን ቅርንጫፍ ደጋግመው ይጎበኛሉ። ሊላ የምታሳየው ጥልቀት በዛፏ ላይ ያሉት መስመሮች አማካይ ርዝመት ነው። አማካይና የድግግሞሽ ቁጥር በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። በታተመው የምርምር ዘገባ እንደ ተነገረው አልፋዜሮ በሴኮንድ 60,000 ያህል አቋም እየመረመረ 60 ሚሊዮን የሚመረምረውን ስቶክፊሽ የተባለ ፕሮግራም አሸንፏል፤ ስቶክፊሽ ራሱም በ2020 የነርቭ መረብ ተጨምሮለት እጅግ በረታ። የፍርድ ጥራት የምርመራን ብዛት ምን ያህል እንደሚተካ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም።

እንዲህ ስል ጥልቀት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። በቤል ላቦራቶሪ ቤል የተባለውን የቼዝ ማሽን ከጆ ኮንደን ጋር የሠራው ኬን ቶምሰን፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማሽኑን ከራሱ ጋር፣ አንዱን ወገን አንድ ተራ አብልጦ እንዲያይ እያደረገ ሲያጫውተው፣ አንድ ተራ በተጨመረ ቁጥር ብቃቱ 200 ነጥብ ያህል እንደሚያድግ፣ ጥልቀቱ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ጭማሪው እየቀነሰ እንደሚመጣ ታዘበ። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ፣ በአንድ ስፍር፣ ጥልቀት በእርግጥ ኀይል ነው። ስለ ሰው ደግሞ ሆላንዳዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ አድሪያን ደ ግሮት በ1946 ባወጣው ጥናቱ፣ ታላላቅ ሊቃውንተ ቼዝ ከመካከለኞቹ ብርቱ ተጫዋቾች እጅግ አርቀው እንደማያዩ፣ ብልጫቸው ሊታይ የሚገባውን እርምጃ ከመጀመሪያው መለየታቸው ላይ መሆኑን አሳይቷል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቼዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ልብነ ድንግል ግሪጎሪዮ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። ከዋግ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በእንደርታ ይቀመጡ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሰንጠረዥ ወዳድ እንደ ነበሩ፣ በ1805ና ከዚያም በ1809 ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ይመሰክራል። እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደራቸውና ቅኔ ከማወቃቸው ጋር በሰንጠረዥ ችሎታቸው የተመሰገኑ ነበሩ። የጨዋታውን ሕግ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ገልጾታል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 በአዲስ አበባ በሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታሪኩንና ሥርዐቱን ሰብስበው ጽፈዋል።

በሰንጠረዥ ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ተዥጎርጉሮ ሳይሆን በመስመር ብቻ የተከፈለ ነው፤ በንግሥት ፈንታ አንድ ቤት ብቻ በሰያፍ የሚሄድ ፈርዝ፣ ሁለት ቤት በሰያፍ የሚዘልል ፊል፣ እንዲሁም ንጉሡ፣ ፈረሱ፣ እንደ ቼዝ ግንብ ያለው ደርና እንደ ወታደር ያለው መደቅ አሉበት። መደቅ ከመነሻው አንድ ቤት ብቻ ስለሚሄድ ስምንቱ መደቆች 8፣ ፈረሶች 4፣ በመደቆች ላይ የሚዘልሉት ፊሎችም 4 እርምጃ ይኖራቸዋልና፣ በመነሻው ላይ ያለው ምርጫ 16 ነው። በተራ ቢጫወቱት ሁለት ተራ 256 መንገድ ብቻ ነው፤ በዛሬው ቼዝ 400 እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም በሰንጠረዥ ላይ ጥልቀት 20 ቢደርስና በቼዝ ላይም 20 ቢደርስ፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ድካሙ ግን እጅግ የተለያየ ነው።

ነገር ግን ሰንጠረዥ በተራ አይጀመርም፤ ዋናው ምሥጢር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ሲከፈት ወረራ የሚባል ክፍል አለ። በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እያንዳንዱ እጁ በፈጠነ መጠን፣ የባላጋራውን አሰላለፍ በዐይኑ እየተከታተለ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ የመጀመሪያው መወሰድ እስኪሆን ድረስም እንዲሁ ይቀጥላሉ። አንዱ ከወሰደ በኋላ ብቻ ጨዋታው በየተራ ይሆናል። እንግዲህ የፕሮግራሞች ሁሉ ስፍር በተራ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ተራ በሌለበት ወረራ ላይ ጥልቀት በምን ይቈጠር?

ይህ የጨዋታ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የሒሳብ መሠረቱን የሚነካ ነው። በመነሻው ላይ ቀጥሎ ሊሆን የሚችለው ነገር ከአንዱ ወገን 16፣ ከሌላውም 16 ሆኖ በድምሩ 32 ነው፤ ከሁለት እንቅስቃሴ በኋላም መንገዱ 256 መሆኑ ቀርቶ ሺሕ ገደማ ይሆናል። ከዚህም የሚበልጠው ችግር፣ አልፋ ቤታ «ባላጋራዬ የሚመልስልኝ ክፉ መልስ» በሚለው ላይ የቆመ ሆኖ ሳለ፣ በወረራ ጊዜ ባላጋራው መልስ የመስጠት ግዴታም፣ አንድ መልስ ብቻ ሰጥቶ የመቆም ግዴታም የሌለበት መሆኑ ነው። ሦስት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው፣ ማንም ያድርገው ማን፣ የእጅ እንቅስቃሴን እያንዳንዱን እንደ አንድ መቍጠር ነው፤ ይህ ግን የቀርፋፋውን እጅና የፈጣኑን እጅ እኩል ያደርጋል። ሁለተኛው፣ ወረራን እንደ ስምምነት ቈጥሮ፣ ጥልቀትን ከመጀመሪያው መወሰድ ጀምሮ መስፈር ነው፤ ይህም ቀላል ሲሆን የጨዋታውን ነፍስ ያስቀራል። ሦስተኛው፣ ጥልቀትን በሴኮንድ መስፈር፣ ይኸውም «በዚህ ያህል ቅጽበት ውስጥ እያንዳንዱ እጅ ስንት ጊዜ ሊንቀሳቀስ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። በእኔ ፍርድ እውነተኛው ይህ ሦስተኛው ነው፤ በወረራ ጊዜ ተጫዋቾች የሚካፈሉት ተራን ሳይሆን ጊዜን ስለ ሆነ ስፍሩም ጊዜ ሊሆን ይገባዋል።

ፍጻሜውም ላይ ሌላ ትምህርት አለ። የዛሬ ፕሮግራም ማት ባገኘ ጊዜ አጭሩን ይመርጣል፤ በሦስት ዙር የሚገኘው በአምስት ዙር ከሚገኘው ይበልጥበታል። በሰንጠረዥ ግን በደር ወይም በፈረስ የተደረገ ማት ክብሩ ያነሰ ነው፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ የተደረገው ይመሰገናል። ስለዚህ ሰንጠረዥን በሚገባ የሚጫወት ፕሮግራም በጥቂት ተራ በደር ማት ማድረግ እየቻለ፣ በመደቅ የሚፈጸመውን ለማግኘት ጠልቆ መፈለግ ይኖርበታል። በዚህ ጨዋታ መጥለቅ ማሸነፍን ብቻ ሳይሆን የማሸነፍን መዓርግ ለማግኘት ይሆናል ማለት ነው፤ ይህን የሚመስል ነገር በዛሬው ቼዝ የለም።

ስልክና ኮምፒዩተር ለያዛችሁ ወጣቶች የምለው ይህ ነው። የሁለት ፕሮግራሞችን የጥልቀት ቁጥር አታወዳድሩ፤ ለማወዳደር ከፈለጋችሁ እኩል ጊዜ ስጧቸውና የሚመክሩትን ተመልከቱ። በአንዱ ፕሮግራም ውስጥ ግን ቁጥሩ ሲያድግ ምክሩ ይለወጥ እንደ ሆነ ልብ ብላችሁ ተከታተሉ፤ ከ16 እስከ 26 ሳይናወጥ የቆየ ምክር፣ በየተራው ከሚገለባበጥ ምክር ይልቅ እምነት ይገባዋል። በደሃና፣ በሰቆጣና በመላው ዋግ የምትገኙ አረጋውያን አባቶችና እናቶች ደግሞ፣ የሰንጠረዥን ሕግ፣ የወረራውን አኳኋንና የማቱን ክብር ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁ እንደ ሆነ፣ ማንበብና መጻፍ ለሚችሉ ልጆቻችሁ ነግራችሁ በወረቀት እንዲሰፍር አድርጉ፤ ሕጉ አንድ በአንድ ተጽፎ ያልተገኘለትን ጨዋታ ማንም ፕሮግራም ሊጫወተው አይችልምና።